ከባሕር ዳር በትንሽ አውሮፕላን ስትነሱ፦ ስህተቱ የሚሠራው ትሮትል (የሞተሩ ጉልበት መስጫ እጀታ) ከመገፋቱ በፊት ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ ያስተማርኩት ልጅ ማታ ደወለና «ጋሼ ነገ ባሕር ዳር ነኝ፣ ከሰዓት ነው የምንነሳው፣ አራት ሰው ነን፣ ራንዌዩ 3 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?» አለኝ። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ አውሮፕላን መውደድ የጀመርኩትም ጣና ዳር ቆሜ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ሲል እያየሁ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄውን ሰምቼ እሺ ብዬ ስልክ መዝጋት አልቻልኩም። ራንዌዩ (መንደርደሪያው) ረዥም ነው፣ እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው። ረዥም ራንዌይ ላይ ተሳስተህም ትነሳለህ፣ ተሳስተህ እንደተነሳህ ግን የሚነግርህ የለም፣ ከዛ ያንኑ ስህተት ሌላ ቀን አጭር የሳር ሜዳ ላይ ትደግመዋለህ፣ እዛ ደግሞ ከሜዳው ጫፍ ዛፍ አለ።

ለሱ በስልክ የነገርኩትን እዚህ በቅደም ተከተል ልጻፈው። ቁጥሮቹ የሴስና 172 ኤስ ናቸው፣ ባለ 180 የፈረስ ጉልበቷ፣ ብዙ ሰው የሚያውቃት እሷን ስለሆነ ነው። ሌላ አውሮፕላን የምታበሩ የራሳችሁን ማኑዋል ግለጡ፣ የኔን ቁጥር ይዛችሁ እንዳትሄዱ አደራ።

አንድ፦ ማታውኑ ክብደት ሥሩ

172 ኤስ የምትነሳበት ከፍተኛ ክብደት 1157 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ የባዶው አውሮፕላን ክብደት ሲቀነስ ለሰው፣ ለነዳጅና ለሻንጣ የሚተርፈው 400 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ትክክለኛው ቁጥር ከአውሮፕላን አውሮፕላን ስለሚለያይ የራሷን የክብደት ወረቀት እዩ። አሁን ልጁ ያለኝን እንሥራው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን 200 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ እሱ ብቻውን 144 ኪሎ ይመዝናል። 256 ኪሎ ቀረ። አራት ሰው እያንዳንዱ 75 ኪሎ ብንል 300 ነው። አለፈ፣ ገና ሻንጣ ሳንጭን።

ከባሕር ዳር ደግሞ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው የለም፣ የዘጌ ቡና አለ፣ ማር አለ፣ ዘመድ ቤት የተላከ እቃ አለ፣ ይሄ ሁሉ ኋላ ነው የሚወረወረው። ኋላ ሲበዛ ሚዛኑ ወደ ጭራ ይሄዳል፣ ስትነሱ አፍንጫዋ ሳትጎትቷት ራሷ ቀና ትላለች፣ መልሳችሁ ልትገፏት ስትሞክሩ ደግሞ ትከብዳችኋለች። ሰው ክብደቱን ሲጠየቅ አሳንሶ ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ ሚዛን ካለ ሚዛን ላይ አውጧቸው፣ ከነቦርሳቸው። መፍትሔው ነዳጅ መቀነስ ነው (ለመንገዱና ለመጠባበቂያ የሚበቃ መሆኑን አስልታችሁ)፣ ያ ካልበቃ አንድ ሰው በመኪና ይመጣል። ይሄን ለተሳፋሪ መንገር ይከብዳል አውቃለሁ፣ ማታ በስልክ መንገር ግን ጠዋት አውሮፕላኑ ስር ቆሞ ከመንገር ይቀላል።

ሁለት፦ አየሩ ስንት ጫማ ላይ እንዳለ አስሉ

ይሄ ነው ዋናው፣ እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ።

የባሕር ዳር ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ 1820 ሜትር ገደማ ነው፣ በጫማ 6000 ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ቦሌ ከ7600 ጫማ በላይ ነው። ስለዚህ ቦሌ የለመደ ልጅ ወደዚህ ሲመጣ «ወደ ዝቅታ ወረድኩ፣ ሞተሩ ይጎብዛል» ብሎ ያስባል። ባሕር ዳር ግን ይሞቃል፣ ሙቀት ደግሞ አየሩን ያሳሳዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 6000 ጫማ ላይ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው፣ ከዛ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምሩ። ከሰዓት 28 ዲግሪ ከሆነ 25 ዲግሪ ትርፍ አለ፣ 25 ሲባዛ በ120፣ 3000 ጫማ። 6000 ሲደመር 3000፣ 9000 ጫማ። አውሮፕላኗ የምታውቀው ይሄን 9000 ነው እንጂ የኤርፖርቱን ሰሌዳ አይደለም።

ከቦሌ ጋር አስተያዩት፦ ቦሌ ጠዋት 12 ዲግሪ ሲሆን ሂሳቡ 9000 አካባቢ ነው የሚመጣው። ማለት የባሕር ዳር ሞቃት ከሰዓትና የቦሌ ብርዳም ጠዋት ለሞተሩ አንድ ናቸው። ዝቅታ የሚባል ነገር የለም።

9000 ጫማ ላይ ምን ይሆናል፣ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ ከ180ው ፈረስ 135 አካባቢ ነው የሚቀራችሁ። ፕሮፔለሩም ስስ አየር ነው የሚቀዝፈው፣ ክንፉም እንደዛው። ባሕር ጠለል ላይ በመደበኛ ሙቀት ሙሉ ክብደት ይዛ ከ290 ሜትር በኋላ መሬት የምትለቀው አውሮፕላን እዚህ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ትፈልጋለች፣ 600 ሜትር ብላችሁ ያዙ። 50 ጫማ ከፍታ ያለውን ነገር ለመዝለል ደግሞ 1000 ሜትር ገደማ። ትክክለኛውን ከማኑዋሉ ሠንጠረዥ አውጡና ግማሹን ጨምሩበት፣ ሠንጠረዡ በአዲስ አውሮፕላንና በጎበዝ የሙከራ አብራሪ የተሠራ ነው፣ የእናንተ ሞተር ስንት ሺ ሰዓት እንደሠራ እናንተ ታውቃላችሁ።

ከቻላችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ወይ 2 ሰዓት ላይ ተነሱ። ልጁን ያልኩት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፣ «ከሰዓት» የሚለውን ቀይረው።

ሦስት፦ ዙሪያውን ስትፈትሹ

ነዳጁን ከእያንዳንዱ ማፍሰሻ ቅዱ፣ 172 ኤስ ላይ 13 ናቸው፣ አትሰልቹ። ሐይቅ ዳር ታንኩ ጎደሎ ሆኖ ያደረ አውሮፕላን ውስጥ እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ክረምት ላይ ደግሞ በክዳኑም ዝናብ ይገባል። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሱና እዩ፣ ውሃ ካለ ከስር ኳስ ኳስ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከነዳጁ ጋር የሚለይበት መስመር ይታያል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ፦ የቀዳችሁት በሙሉ ውሃ ከሆነ መስመር የለውም! ንጹሕ ይመስላል። ስለዚህ ቀለሙን እዩ፣ አቭጋዝ (የትንሽ አውሮፕላን ቤንዚን) ሰማያዊ ነው፣ ሰማያዊ ካልሆነ አሽቱት፣ ጣታችሁ ላይ አድርጉት። ቢጫ ቢጤ ከሆነ የጄት ነዳጅ ነው፣ ያን ጊዜ ሞተር ማስነሳት የለም።

ፒቶ ቱቧን (የፍጥነት መለኪያው አየር የሚቀበልባትን ቀጭን ቱቦ) ሸፍናችሁ አሳድሯት፣ ተርብ በአንድ ቀን ጭቃ ሊሠራባት ይችላል። ስትነሱ ሽፋኑን አውልቁ። የመሪውን መቆለፊያ ፒን አውጡ፣ ከዛ መሪውን ወደ ግራ አዙራችሁ የግራው ክንፍ ላይ ያለው አይለሮን (አውሮፕላኗን የሚያጋድለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ መሄዱን በዓይናችሁ እዩ፣ «ነጻ ነው» ብቻ አይበቃም፣ በትክክለኛው አቅጣጫ መሄዱ ነው ጉዳዩ፣ በተለይ ከጥገና የወጣ ከሆነ። ትሪሙን (አፍንጫዋን ባለችበት የሚይዘውን ማስተካከያ) ቴክኦፍ (መነሻ) ላይ መልሱ፣ ካረፋችሁ በኋላ ወደ ላይ እንደተጠመዘዘ ነው የሚቀረው። ፍላፑንም (ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል) እንደዛው።

ወንበሩን ግን ለብቻው ልናገር። ተማሪ እያለሁ አጭር ሜዳ ላይ ስንነሳ ወንበሬ ሐዲዱ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተቆለፈም ነበር። ቀጭ ያለ መስሎኛል፣ ፒኑ ግን ቀዳዳው ውስጥ አልገባም፣ ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠው። አፍንጫዋን ቀና ሳደርግ ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ እኔ እጄ መሪው ላይ ስለነበር ይዤው ሄድኩ፣ እግሬ ራደር (የጭራው መሪ) ፔዳል ላይ አይደርስም፣ ፊት ለፊቴ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ የስቶል (ክንፉ ፍጥነት አንሶት አውሮፕላኗን መሸከም ሲያቅተው) ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። አስተማሪዬ ከጎኔ በሁለት እጁ መሪውን ወደ ፊት ገፋው፣ ሌላ ነገር አልነበረም ያዳነን። በሴስና ላይ ይሄ የታወቀ ነገር ነው፣ ስለ ሐዲዱና ስለ ፒኑ ፍተሻ አስገዳጅ መመሪያ የወጣው በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) ነው። ስለዚህ ቁጭ ስትሉ ወንበሩን በሰውነታችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ናጡት፣ በኃይል። ራንዌይ ላይ ከመግባታችሁ በፊት ድጋሚ ናጡት። ከጎናችሁ ያለውን ሰው ወንበርም፣ ምክንያቱም እሱም ሲንሸራተት የሚይዘው መሪውን ነው። እና ለራሳችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ወንበሬ ከሄደ መሪውን እለቃለሁ፣ ትሮትሉን አወጣለሁ።

አራት፦ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ)

ቼክሊስቱ ላይ ወይ በልምድ «ሚክስቸር ሪች» (ነዳጁ በዝቶ) ይባላል፣ ልጁም ቀዩን እጀታ እስከ መጨረሻው ይገፋዋል። ዝቅተኛ አገር ላይ ልክ ነው። እዚህ ግን አየሩ ሳስቷል፣ ነዳጁ አልቀነሰም፣ ሞተሩ በነዳጅ ይታነቃል፣ ያጣችሁት ጉልበት ሳያንስ ሌላም ታጣላችሁ። የሴስናዋ ማኑዋል ከ3000 ጫማ በላይ ባለ ሜዳ ሁሉ ከመነሳታችሁ በፊት አሳሱት (ነዳጁን ቀንሱ) ይላል፣ ባሕር ዳር እጥፉ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማግኔቶዎቹን (ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጡትን ሁለቱን) በ1800 አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ፈትሹ፣ የሁለቱም መውረድ ከ150 እንዳይበልጥ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ከ50። ከዛ ጠጠር የሌለበት ቦታ ፍሬኑን ግጥም አድርጋችሁ ያዙ፣ ትሮትሉን እስከ መጨረሻ ግፉ። ሞተሩ ትንሽ ይንተፋተፋል፣ ድምፁ ወፍራም ነው። አሁን ቀዩን እጀታ በዝግታ እያዞራችሁ ወደ ውጭ አውጡት፣ አርፒኤሙን እያያችሁ። መርፌው ይወጣል፣ ይወጣል፣ ድምፁም ይጠራል፣ የሆነ ቦታ ላይ ይቆምና መውረድ ይጀምራል። ከፍ ወዳለበት መልሱት፣ ከዛ ጥቂት ብቻ ወደ ውስጥ ጨምሩ ሞተሩ እንዳይግል። በቃ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። መርፌው የወጣውን ያህል ጉልበት ነው ሳታሳሱ ብትሄዱ መሬት ላይ ጥላችሁት የምትሄዱት።

ደግሞ ያኔውኑ ስታቲክ አርፒኤሙ (ቆማችሁ በሙሉ ትሮትል የሚታየው) ማኑዋሉ ያለው ውስጥ መሆኑን እዩ። ካልሆነ አትነሱ፣ ሞተሩ ቆማችሁ እያለ ነግሯችኋል። ካርቡሬተር ያላቸውን የድሮዎቹን የምታበሩ ደግሞ ሐይቁ ዳር እርጥበት ባለበት ጠዋት የካርብ ሂቱን (የካርቡሬተር ማሞቂያውን) ፈትሹ፣ በረዶ ለመሥራት ብርድ አያስፈልገውም፣ 20 ዲግሪ ላይም ይሠራል፣ ስትነሱ ግን ወደ ቀዝቃዛው መልሱት፣ ሞቃት አየር ጉልበት ይቀንሳል። የናፍጣ ሞተር ወይ በኮምፒውተር የሚመራ ከሆነ ይሄ ክፍል አይመለከታችሁም።

አምስት፦ የት ላይ እንደምትተዉት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ

ልጁ «3 ኪሎ ሜትር ነው» ያለው እዚህ ጋ ነው የሚስተካከለው። የሚያስፈልጋችሁ 600 ሜትር ከሆነ ግማሹን ስትጨምሩበት 900 ነው። ከ900 ሜትር ላይ መሬት ካልለቀቀች የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ፍሬን ይዛችሁ ሊሆን ይችላል፣ ሞተሩ አልሰጠ ይሆናል፣ ፍላፕ ረስታችሁ ይሆናል፣ የቀረው 2 ኪሎ ሜትር ስላለ ብቻ እየጎተታችሁ አትሂዱ። 900 ላይ የራንዌዩ ጫፍ ነው ብላችሁ አስቡ። ቦታውን ለማወቅ የራንዌዩ የዳር መብራቶች ይረዳሉ፣ በአብዛኛው 60 ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፣ 15 መብራት ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ ከታክሲዌይ (ወደ ራንዌዩ የሚወስደው መንገድ) መገናኛ ጋር አገናኙት።

ከዛ በፊትም ማወቂያ አለ። የሚያስፈልጋችሁ ርቀት ግማሽ ላይ ስትደርሱ የመነሻ ፍጥነቱ 70 በመቶ ሊኖራችሁ ይገባል። ርቀት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው፣ 0.7 ሲባዛ በ0.7 ግማሽ ገደማ ይሆናል፣ ከዛ ነው የመጣው። በ55 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) የምትነሱ ከሆነ 300 ሜትር ላይ 38 ወይ 39 ኖት ማየት አለባችሁ። ካላያችሁ ትሮትል ወደ ኋላ፣ ፍሬን፣ ተመለሱ። ይሄን ከመነሳታችሁ በፊት በአፋችሁ አውጥታችሁ ተናገሩት፣ ብቻችሁንም ብትሆኑ። አእምሮ ውስጥ ብቻ ያለ ውሳኔ በ40 ኖት ላይ ይጠፋል።

ስድስት፦ ራንዌዩ ላይ ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፣ ንፋስ፣ ወፍ፣ ከፊታችሁ የተነሳው ማን ነው

ንፋሱ፦ ጠዋት ጣና ጸጥ ይላል፣ ፀሐይ ከፍ ስትል መሬቱ ይግላልና ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል፣ ታንኳ የሚቀዝፉት ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ጠዋት ያያችሁት ንፋስ ከሰዓት ያው አይደለም። ከጀርባ የሚመጣ ንፋስ በየ2 ኖቱ 10 በመቶ ርቀት ይጨምራል፣ 6 ኖት ከጀርባ ማለት 600ው ሜትር 780 ሆነ ማለት ነው። «ለታክሲ ስለሚቀርብ» ተብሎ ከጀርባ ንፋስ ይዞ መነሳት በዚህ አየር አይሠራም። ታወሩን (የኤርፖርቱን መቆጣጠሪያ) ጠይቁ፣ ዊንድሶኩንም (የንፋስ ማሳያ ከረጢቱን) በዓይናችሁ እዩ።

ወፍ፦ ይሄ ለባሕር ዳር ሰው ወሬ ብቻ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከዚሁ ኤርፖርት ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ፣ ተመልሶ ለማረፍ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፉ፣ ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግቦች ናቸው፣ ትልልቅ አሞራ እንኳን አይደሉም። ሐይቁ ላይ ደግሞ ፔሊካን አለ፣ እሱ 10 ኪሎ የሚደርስ ነው፣ የትንሽ አውሮፕላን መስታወት አይችለውም። ራንዌዩ ላይ ወይ ጫፉ ላይ መንጋ ካያችሁ ቁሙ፣ ታወሩ እንዲያባርርላችሁ ጠይቁ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። መብራቶቻችሁን በሙሉ አብሩ። እየሮጣችሁ ሳላችሁ መንጋ ቢነሳና ገና ካልተነሳችሁ ተዉት፣ እዚህ ላይ ነው ረዥሙ ራንዌይ በእውነት የሚጠቅማችሁ። ከተነሳችሁ በኋላ ከሆነ ወፍ ሲደነግጥ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ እናንተ ፍጥነታችሁን ጠብቃችሁ በላይ እለፉ፣ መሪውን ግን አትንጠቁ፣ ከወፍ ሸሽተው ስቶል የሚያደርጉ አሉ።

ትልቅ አውሮፕላን ከፊታችሁ ከተነሳ 2 ደቂቃ ጠብቁ፣ እናንተ ከመሃል መገናኛ ላይ የምትነሱ ከሆነ 3። እሱ ከተነሳበት ነጥብ ቀድማችሁ ተነሱ።

ሰባት፦ ሩጫውና መነሳቱ

ተረከዛችሁን ወለል ላይ አድርጉ፣ ጣታችሁ ፍሬን ላይ እንዳይሆን። ትሮትሉን በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ በዝግታ እስከ መጨረሻው፣ እጃችሁ ከሱ ላይ አይነሳ። አውሮፕላኗ ወደ ግራ ትጎትታለች፣ በቀኝ እግር ራደር ያዟት፣ መሪውን በማጠፍ የምታስተካክሉት ነገር አይደለም፣ መኪና አይደለችም። ሦስት ነገር በአፋችሁ ጥሩ፦ አርፒኤም ደህና፣ ዘይት አረንጓዴ፣ ኤርስፒድ ተነሳ። የፍጥነት መርፌው ካልተነቃነቀ ተርቡ ፒቶ ቱቧ ውስጥ ገብቷል፣ ተዉት።

አሁን በስስ አየር ላይ ትልቁን ስህተት ልንገራችሁ። መርፌው 55 ሲል እውነተኛ ፍጥነታችሁ 63 ነው። መሬቱ ከለመዳችሁት በላይ ይሮጣል፣ የመብራቶቹ አስተላለፍ፣ የጎማው ድምፅ፣ ሰውነታችሁ በሙሉ «በቃ ደርሰናል አንሳ» ይላችኋል፣ መርፌው ግን ገና 45 ላይ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ይጎትታል። የከፋው ነገር ደግሞ አውሮፕላኗ ትነሳለች! መሬት አጠገብ፣ ከክንፏ ርዝመት ያነሰ ከፍታ ላይ (172 ክንፏ 11 ሜትር ነው)፣ አየሩ ከስር ስለሚደግፋት ባልበሰለ ፍጥነትም ትንሳፈፋለች። ሦስት አራት ሜትር ትወጣና እምቢ ትላለች፣ እናንተ ደግሞ የበለጠ ትጎትታላችሁ፣ ከዛ ስቶል። ሰውነታችሁን አትመኑት፣ መርፌውን ጠብቁ። 55 ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ቀድማችሁ ከተነሳችሁ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋችሁ እዛው መሬት አጠገብ ፍጥነት አጠራቅሙ፣ ከ70 በላይ ስትደርስ ውጡ። የምትወጣበት ፍጥነት ባሕር ጠለል ላይ ካያችሁት ግማሽ ገደማ ነው የሚሆነው፣ ተበላሽቶ አይደለም፣ አፍንጫ በማንሳት አታስተካክሉትም።

በር ቢከፈት (ይከፈታል) ይጮሃል፣ ይነፍሳል፣ ወረቀት ይበራል፣ አውሮፕላኗ ግን ትበራለች። በሩን ለመዝጋት እጃችሁን አትላኩ፣ ዙሩና መጥታችሁ አርፉ።

በራንዌይ 04 (ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚያስነሳው አቅጣጫ) ስትነሱ ሐይቁ ከፊታችሁ ነው የሚመጣው። የካቲትና መጋቢት ላይ ጭጋግና ጭስ ሲኖር ውሃውና ሰማዩ አንድ ይሆናሉ፣ አድማስ የለም። ሐይቁ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ዓይናችሁን ወደ አድማስ መሣሪያው አምጡ፣ ወደ ውጭ ብቻ እያያችሁ ከሆነ ሳታውቁ ታጋድላላችሁ።

ስምንት፦ ሞተሩ ቢጠፋ

ይሄን መሬት ላይ ሆናችሁ ነው የምትወስኑት። ከ1000 ጫማ በታች ከሆናችሁ መመለስ የለም። ሰው የሚመለሰው ራንዌዩ ከኋላው ስላለ ነው፣ የሚያጓጓ ነገር ነው፣ ግን አስሉት፦ መዞሩ 180 አይደለም፣ ዞራችሁ ከራንዌዩ ጎን ነው የምትወጡት፣ እንደገና ለመግጠም ሌላ መዞር አለ። 45 ዲግሪ አጋድላችሁ ስትዞሩ በ48 ኖት የነበረው ስቶል 57 ይሆናል፣ 60 ዲግሪ ከሆነ 68። ድንጋጤው ደግሞ መጀመሪያ ሦስት አራት ሰከንድ ይበላል፣ በዛ ጊዜ አፍንጫዋ ወደ ላይ እንዳለች ፍጥነቱ ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አንድ ነው፦ መሪውን ወደ ፊት። ወዲያው። 70 ኖት ያዙ፣ ፍላፕ ካወጣችሁ 65። ከዛ ከፊታችሁ ካለው፣ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ 30 ዲግሪ ውስጥ ካለው፣ የተሻለውን ምረጡ። በ22 (በተቃራኒው አቅጣጫ) ከሆነ ማሳ ፈልጉ።

ሐይቅ ከሆነ፣ የሕይወት ጃኬቱን ከመነሳታችሁ በፊት ልበሱ፣ ወንበር ስር ያለ ጃኬት ከ500 ጫማ ላይ አይለበስም። አውሮፕላኑ ውስጥ አትንፉት፣ ውሃ ሲገባ ጣሪያው ላይ ይለጥፋችኋል። ከዳሩ ራቅ ብላችሁ መሃል አትሂዱ፣ ጸጥ ያለ ውሃ መስታወት ነው፣ ከፍታውን መገመት አይቻልም፣ ዳሩ ላይ ያለው ደንገል ግን ከፍታችሁን ይነግራችኋል፣ ለመዋኘትም ቅርብ ነው፣ ታንኳ ያለው ሰውም ይደርስላችኋል። ውሃውን ከመንካታችሁ በፊት በሮቹን ክፈቱ፣ ጎማዋ የማይታጠፍ ስለሆነች ውሃው ይዟት ልትገለበጥ ትችላለች። አንድ እጃችሁን የበሩ ጠርዝ ላይ አድርጉ፣ ተገልብጣችሁም መውጫው የት እንደሆነ እጃችሁ ያውቃል። ቀበቶውን የምትፈቱት ስትቆም ነው።

ተሳፋሪዎቹንም ይሄን መሬት ላይ ንገሯቸው፣ ይፈራሉ ብላችሁ አትተዉት።

ልጁ በመጨረሻ ከሁለት ሰው ጋር ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የተነሳው፣ አራተኛው በመኪና ሄደ። የሚይዘው ትንሽ ደብተር አለ፣ ለተማሪዎቼ ሁሉ የማስይዘው፣ ሲነሳ በስንተኛው መብራት ላይ ጎማው እንደለቀቀ፣ ሙቀቱን፣ ክብደቱን፣ ንፋሱን ይጽፍበታል፣ ከዛ ማኑዋሉ ካለው ጋር ያስተያየዋል። እናንተም ያዙ። አሥር ጊዜ ከጻፋችሁ በኋላ የእናንተ አውሮፕላን ከሠንጠረዡ ስንት ሜትር እንደምትበልጥ ታውቁታላችሁ፣ የሚቀጥለውን ሜዳ የምታስሉት በሱ ነው።